120/80 ለማን?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ልጆችና ስለ ደም ግፊት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ብዙው ደህና ነው። መሃሉ ላይ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «የልጅዎ ግፊት ከ120/80 ካላለፈ ልቡ ሰላም ነው።» ማን እንዳስገባት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ለቁመቷ ሁለት ስህተት መሸከሟ ይገርማል።

መጀመሪያ ቁጥሩ። 120/80 የአዋቂ ልኬት ነው። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግፊቱ የሚመዘነው በዕድሜው፣ በጾታውና በቁመቱ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ የ6 ዓመት ወንድ ልጅ ገና 105/66 ሲደርስ በደንብ ይታይ ይባላል። በእናንተ ከሄድን ግን ይሄ ልጅ ገና 15 ይቀረዋል። እሰይ ነው!

ሁለተኛው ይብሳል። እናቴ ግፊት ነበረባት። እኔንም ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ጀመረኝና በዚያው ቀረ። እንደኛ ካለ ቤት በወጡ ልጆች ላይ ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ጥናቶች ተሠርተዋል። ግፊታቸው ገና ጤናማ ሆኖ ሳለ፣ የአንዳንዶቹ የግራ ልብ ጡንቻ ከእኩዮቻቸው ወፈር ብሎ ተገኝቷል። ልብ እኮ መጭመቅ ብቻ አይደለም ሥራዋ፤ ላላ ብላ ደም መቀበልም አለባት። ቀድሞ ዘገም የሚለው ብዙ ጊዜ ይሄ መላላቱ ነው። መጭመቁ ሙሉ ስለሚሆን ላይ ላዩን ላየው ሰው ምንም የለም። በሽታ ነው አላልኩም፣ ልጅ ሁሉ ላይም አይታይም። «ሰላም ነው» ብሎ መፈረም ግን ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ልጄን ላስለካ ስሄድ የገጠመኝንም ልንገራችሁ። ባለሙያዋ ሳቀች። «ልጅ ደግሞ ምን ግፊት አለው?» ብላ የአዋቂውን የክንድ መጠቅለያ አመጣች። ከብብቱ ተነሥቶ ክርኑን አልፎ ወረደ፤ የልጄ ክንድ ውስጡ ጠፋ። ለክንዱ የሰፋ መጠቅለያ ደግሞ ግፊቱን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ቁጥሩ አምሮ ወጣላችሁ! የልጅ የለም ወይ ስላት «ማንም ጠይቆን አያውቅም፣ እናት» አለችኝ። ጋዜጣው አትጨነቁ እያለ ጠያቂ ከየት ይምጣ?

ዘገባችሁ ውስጥ ሐኪም ተናግሯል፣ ኃላፊ ተናግሯል። ግፊት በዘር የሚሄድበት ቤተሰብ ግን አንድም አልተጠየቀም። ጉዳዩ የማን እንደሆነ እስኪጠፋኝ ድረስ ነው ያነበብኩት።

ለልጅ ሁሉ ኢኮ ይነሣ አላልኩም። ያው መመሪያ ከ3 ዓመት ጀምሮ በዓመት አንዴ ይለካ ይላል። በልኩ መጠቅለያ ይለካ፣ የወላጆቹ ግፊትም ካርዱ ላይ ይጻፍ። ይሄ ምን ይከብዳል?

እርማቱን ስታወጡ ደግሞ እንደዚያ ርዕሳችሁ ደመቅ አድርጋችሁ ጻፉት። እንደለመዳችሁት ማስታወቂያ ሥር በደቃቅ ፊደል አትቅበሩት።

የሁለት ልጆች እናት