«በስተቀኝ» የምትለው ቃል፦ የሒሳብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የሒሳብ ክበባችን በዚህ ዓመት ዘወትር ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሲሰበሰብ ቆይቷል። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሱዶኩና የሚዛን ጥያቄዎች ሠርተናል። ልጽፍ የፈለግሁት ግን ከዚያ በኋላ ልባችንን ስለወሰደው ስለ አምስቱ ቤቶች እንቆቅልሽ ነው።

እንቆቅልሹ በ1962 እ.ኤ.አ. ላይፍ ኢንተርናሽናል መጽሔት ላይ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰ ነው። አምስት ቤቶች በአንድ ረድፍ ቆመዋል፤ የቤቱ ቀለም፣ የነዋሪው አገር፣ መጠጡ፣ እንስሳውና ሲጋራው ሁሉ ይለያያል። በተሰጡት ፍንጮች ብቻ ውኃ ጠጪው ማን እንደሆነ፣ የሜዳ አህያዋም የማን እንደሆነች ማግኘት ነው። ሲጋራውን እኔ የክበቡ መምህር በስፖርት ተካሁት። አንስታይን በልጅነቱ የደረሰው ነው የሚባለውን የክበቡ ልጆች ራሳቸው ውድቅ አደረጉት፤ አንስታይን የተወለደው በ1879 ሲሆን ከተጠቀሱት ሲጋራዎች አንዱ ገበያ ላይ የዋለው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም በግምት ነበር የሚሄደው። አንዱ ሰልችቶት «አገር ልስጥዎትና ይንገሩን» አለኝ። በዚህ ክበብ አገር አይሰጥም አልኩት። አንድ ሕግም አወጣን፦ ቤቶቹን የያዘው ሠንጠረዥ ላይ «ይህ አይሆንም» ብሎ ኤክስ የሚያደርግ ሁሉ ምክንያቱን ጮክ ብሎ ይናገር።

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥታ የሠራችውን አልረሳውም። ኖርዌያዊው የመጀመሪያው ቤት ነው፤ ሁለተኛው ቤት ሰማያዊ ነው። ቀዩ የእንግሊዛዊው ነው። አረንጓዴውና ነጩ ጎን ለጎን ስለሆኑ፣ ሁለተኛው በሰማያዊ ከተያዘ አንዳቸውም መጀመሪያው ላይ ሊቆሙ አይችሉም። ቢጫ ቀረ። መጠጡስ? ወተት የመካከለኛው ቤት፣ ቡና የአረንጓዴው፣ ሻይ የዩክሬናዊው ነው። የብርቱካን ጭማቂ የሚጠጣው ቮሊቦል ይጫወታል፣ የቢጫው ቤት ሰው ግን ሯጭ ነው። «እንግዲህ ከውኃ በቀር ምን ቀረው!» ብላ ጠመኔውን አስቀመጠች። ውኃን የሚጠቅስ አንድም ፍንጭ አልነበራትም።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ቡድኖች ተፋጠጡ። የሜዳ አህያዋ የጃፓናዊው ናት በሚለው ተስማምተዋል። አንዱ ቡድን ግን ጃፓናዊውን አምስተኛው ቤት፣ ሌላው አራተኛው ቤት አስገብቶታል። ሁለቱም ኤክሶቻቸውን አንድ በአንድ አስረዱ፤ ስህተት ብንፈልግ አጣን። ለካ ስህተቱ የእኔ ነበር። ፍንጩ አረንጓዴው ቤት «ከነጩ ቀጥሎ በስተቀኝ» ነው ሲል፣ እኔ ሰሌዳው ላይ «ከነጩ አጠገብ» ብዬ ገልብጬዋለሁ። ያቺ ቃል ስትጎድል አንድ የነበረው አደራደር ሁለት ሆነ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። የመምህራቸውን ስህተት በገዛ ሠንጠረዣቸው ያጋለጡበት ያ ዓርብ ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ የሚበልጥ ቀን ነው።

ነገሩ በዚያ አልቆመም። ሦስተኛ አደራደር አለመኖሩን በምን እናውቃለን ብለው ተነሡ። ይህ ሌላ ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ ልጅ ቀዩን ቤት አምስተኛው ላይ አድርጎ እስከ ጥግ ሄደበት፤ ስፔናዊው ውሻም ቀንድ አውጣም እንዲኖረው ግድ ሆነ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው አንድ እንስሳ ብቻ ነውና ያም መንገድ ተዘጋ።

ሁለቱ ሠንጠረዦች፣ ከእነ ኤክሶቻቸው፣ የሒሳብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። በመካከላቸው የተስተካከለው ፍንጭ አለ፤ «በስተቀኝ» በቀይ ተጽፋለች።