ለእማዬ፣ ከባህር ዛፍ አገር

ውድ እማዬ እንደምን ከረምሽልኝ? አባባስ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር ግን ያው ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሃሎ ሃሎ ስንባባል ወሬው ሁሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ፣ ሚጡ ቀስ ብላ ታንብብልሽ፣ ፎቶዎቹን በቴሌግራም ልኬላታለሁ።

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ከሁለት የስራ ጓደኞቼ ጋር ኬርንስ ሄጄ መጣሁ። ያው አውስትራሊያ ውስጥ ነው ግን ከሜልቦርን ወደ ሰሜን በአውሮፕላን ከሶስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። እኛ ጋ ሐምሌ ማለት እኮ ክረምት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እዛ ስንወርድ ግን ሙቀት፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ መንገዱ ግራና ቀኝ ሸንኮራ አገዳ፣ ወንጂ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

መኪና ተከራይተን መጀመሪያ ወደ ደጋው ወጣን። እማዬ ዋርካ አንቺም አይተሻል እኔም አይቻለሁ፣ እንደዚህኛው ግን በህይወቴ አላየሁም። ዩንጋቡራ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው፣ መጋረጃው ዋርካ ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ወፍ ፍሬውን በልታ ሌላ ዛፍ አናት ላይ ትጥለዋለች፣ እዛው ይበቅልና ስሩን ቁልቁል እየላከ ያን የተሸከመውን ዛፍ አንቆ ይገድለዋል። ይሄኛው ደሞ የታነቀው ዛፍ ዘመም ብሎ ጎረቤቱ ላይ ተደገፈ፣ ከዛ ከተጋደመው ግንድ ላይ ስሩ 15 ሜትር ያህል ወደ መሬት ወረደ፣ ስታዪው የቤተ መቅደስ መጋረጃ ነው የሚመስለው። ዕድሜው ከ500 ዓመት በላይ ይሆናል ይላሉ፣ አጼ ፋሲል ጎንደር ላይ ግንቡን ሲያሰሩ ይሄ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ስሩ ስር ቁጭ ብል ደስ ባለኝ ግን አይፈቀድም፣ በእንጨት ድልድይ እየዞርሽ ማየት ብቻ ነው።

ከዛ ኢቻም ሐይቅ ሄድን። ቢሾፍቱን አስቢው፣ እንደዛ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የቀረ ጉድጓድ ነው ውሃ የሞላው፣ ግን ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። የሚገባበትም የሚወጣለትም ወንዝ የለም፣ ጥልቀቱ ወደ 65 ሜትር ነው። የአገሩ ነባር ህዝብ ሁለት ወጣቶች የተከለከለ ነገር ስለሰሩ መሬቱ ተሰንጥቆ ሰፈሩን ዋጠው ብለው ያወራሉ፣ ያኔ ደሞ ይሄ ደን አልነበረም ይላሉ። ተመራማሪዎች በኋላ ከሐይቅ ስር ጭቃ አውጥተው የድሮ የአበባ ዱቄት ሲመረምሩ እውነትም ደኑ በኋላ የመጣ ሆኖ ተገኘ! ስንት ሺህ ዓመት ሙሉ ሳይጻፍ ከአያት ወደ ልጅ እየተነገረ የመጣ ነገር... ይሄን ስሰማ ምሽት ላይ ተረት ታወሪልን የነበረው ትዝ አለኝና ምነው ሁሉንም በጻፍኩት አልኩ።

ጫካው ውስጥ ሳማም አለ እማዬ፣ ግን ዛፍ የሚያክል ሳማ። ቅጠሉ ልብ ቅርጽ ነው፣ ሲያዩት ያምራል፣ ከነካሽው ግን ህመሙ ለወራት ተመልሶ ተመልሶ ይመጣል አሉን። እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የሄድኩት።

ኤቲ ቤይ የሚባል የባህር ዳርቻ ደሞ ካሶዋሪ አየን። ሰጎን የመሰለ ትልቅ ወፍ ነው፣ አይበርም፣ ላባው ጥቁር፣ አንገቱ ደማቅ ሰማያዊ፣ አናቱ ላይ ራስ ቁር የመሰለ ቀንድ አለው፣ እግሩ ላይ ደሞ እንደ ጩቤ የሾለ ጥፍር። ከጫካው ወጥቶ ሰው መሃል አሸዋው ላይ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ እኛ ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን ቆምን። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፣ የሚታቀፈውም ጫጩቶቹን ለወራት የሚያሳድገውም አባትየው ነው። ይሄን ለአባባ ንገሪልኝ።

ኮራል የሚባለውን ባህር ውስጥ ያለውንም አየን፣ ዋና ስለማልችል ስሯ መስታወት በሆነ ጀልባ ነው ያየሁት። ድንጋይ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ጥቃቅን እንስሳ ነው፣ ከ2,300 ኪሎ ሜትር በላይ ተያይዞ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ግን ነጭ ሆኗል፣ ባህሩ ሲሞቅበት ነው አሉ፣ በጣም አሳዘነኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ከዛ ለምለም ደን በመኪና አንድ ሰዓት ሳትሄጂ አገሩ ደረቅ ይሆናል፣ ማሪባ ይባላል፣ መንገዱ ዳር ቁመቴን የሚያህል ኩይሳ፣ በቃ ቆላ የገባሽ ነው የሚመስልሽ። ቆም አልንና ቅጠል ቀጠፍኩ፣ በእጄ አሸት አድርጌ ሳሸተው ባህር ዛፍ! ጉንፋን ሲይዘን ቀቅለሽ ብርድ ልብስ ደፍተሽብን የምታጥኚን ሽታ፣ እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ። ጓደኞቼ ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ አባባ ጓሮ ያለውን ባህር ዛፍ ቆርጠው ሸጠው ነው እኮ ለትኬቴ የሰጡኝ አልኳቸው። ስሙ ራሱ ይናገራል፣ ባህር ተሻግሮ የመጣ፣ በምኒልክ ጊዜ አዲስ አበባ ማገዶ ሲጠፋ ከዚህ አገር ነው የመጣልን። እንደውም የኛ ነጩ ባህር ዛፍ ዘሩ አሁን ከምኖርበት ከቪክቶሪያና ከታዝማኒያ በኩል ነው።

እና እዛው ማሪባ ምን የሚያበቅሉ መሰለሽ? ቡና! አረቢካ፣ የኛው ዘር። ግን ሴት ወንዱ ተሰብስቦ አይለቅምም፣ እንደ ፎቅ የረዘመ ማሽን በረድፉ መሃል እየሄደ እያራገፈ ነው የሚሰበስበው። ለሻጭዋ የዚህ ቡና አያቱ የኛ አገር ጫካ ነው ስላት በጣም ደስ አላት፣ እናትሽ እንዴት ነው የምታፈላው ብላ ጠየቀችኝና ሶስቱንም ስኒ አቦል ቶና በረካ ብዬ ነገርኳት።

አንድ ኪሎ ሳይቆላ ገዝቼልሻለሁ፣ ለመስቀል የምትመጣ ልጅ አለች እሷ ታደርስልሻለች። እንደ ልማድሽ ቆልተሽ አፍይና ጎረቤቶቹን ጥሪ፣ ምን እንደሚል ንገሪኝ፣ እውነቱን ግን፣ እንዳትደብቂኝ።

ልጅሽ