የዕድሩ ጡሩምባ ለላሞቻችንም ይነፋ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከእንጦጦ ማዶ፣ በሱሉልታ በኩል የምኖር፣ በሁለት ላሞች አራት ልጆች ያሳደግሁ እናት ነኝ። አሁን የቀረችኝ አንዲት ናት። ቦራ በጥቅምት መጨረሻ ሞተችብኝ። መጀመሪያ ትኩሳት ያዛት፤ ፉርሽካዋን አሽትታ ተወችው። ከዚያ ከአንገቷ እስከ ጡቷ ባቄላ የሚያህል እብጠት ወረራት። በቀን 12 ሊትር ትታለብ የነበረች ላም አንድ ጣሳ እንኳ ነፈገችኝ።

ጎረቤት አዝኖልኝ መርፌ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው አመጣ። ሦስት ጊዜ ቴትራሳይክሊን ወጋት፤ ሦስት ጊዜ ከፈልኩ። በሽታው ጉርብርብ የሚሉት፣ በቫይረስ የሚመጣ፣ ተናካሽ ዝንብ የሚያዛምተው መሆኑን፣ ያም መድኃኒት ቫይረሱን እንደማይገድል የሰማሁት ገንዘቤ ካለቀ በኋላ ነው። የሚያዋጣው ክትባት ነው፤ እሱም እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል።

ታዲያ ለምን አላስከተብሽም ትሉኝ ይሆናል። ነሐሴ ላይ በዚያ ጭቃ ጎትቻት ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ጠርሙሱን አሳየኝና «እናቴ፣ ይህ ለብዙ ከብት የሚሆን ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ በጥቂት ሰዓት ካላለቀ ይደፋል። ከብት ሲሰበሰብ አስጠራዎታለሁ» አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ ለአንዲት ላም ብሎ ጠርሙስ ሙሉ አይደፋም። ብቻ ከብቱ የተሰበሰበው በሽታው መንደራችን ከገባ በኋላ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ መጥሪያ አለማጣታችን ነው። ሰው ሲሞት የዕድራችን ጡሩምባ ጎህ ሳይቀድ ይነፋል፤ ፀሐይ ሳትሞቅ ድንኳኑ ተተክሎ ያልቃል ማለት ይቻላል። ያው ጡሩምባ በዓመት አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ለክትባት ቢነፋ ምን ይለዋል? የአባላቱ ከብት ቢቆጠር ጠርሙሱን ጨርሶ ይተርፋል። ሐኪሞቹ ለየዕድሩ ቀን ይቁረጡልን፤ ከብት የሚያልፍበትን አጥር እኛ እንሠራለን። የገበያ ቀን ግን አይሁን፤ ያን ቀን ቤቱ የሚገኝ ሰው የለም።

ጤፋችንን የምንሸምተው በቦራ ወተት ነበር። ያለችው ላሜ ከብዳለች፤ እስከ ጥር አትታለብም። እስከዚያ ኩበት እየሸጥኩ እቆያለሁ። ስትወልድ እሷንም ጥጃዋንም ይዤ የምሰለፍበትን ቀን ግን ከወዲሁ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የዕድር ገንዘብ ያዥ፣ ከሱሉልታ በኩል