ስለ ደም ዓይነት የቤት ሥራውና ስለ ሰኔ 7

ለተከበራችሁ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ሳምንት ከባዮሎጂ ክፍል የተሰጠ አንድ የቤት ሥራ የቢሮዬን ስልክ ሲያስጮኸው ሰነበተ። ልጆቹ የእናትና የአባታቸውን የደም ዓይነት ጠይቀው እንዲመጡ ነበር የታዘዙት። ብዙዎቹ «አያውቁትም» ብለው ተመለሱ። አንድ አባት ግን በማለዳ በአካል መጡ። «እኔ ኤ ነኝ፣ እናቱ ቢ ናት። ልጁ እንዴት ኦ ይሆናል?» አሉኝ። ፊታቸው ደህና አልነበረም።

ይሆናል። ኤ የሆነ ሰው ከአንደኛው ወላጁ የወረሰውን ኦ ደብቆ ሊይዝ ይችላል። ቢ የሆነችውም እንዲሁ። ሁለቱ የተደበቁት ከተገናኙ ልጁ ኦ ሆኖ ይወለዳል። አባትየው ይህን ሲሰሙ ቡናቸውን ጠጥተው፣ ስቀው ሄዱ። (ይህን የጻፍኩት ፈቅደውልኝ ነው።) ያም ሆኖ የቤት ሥራውን ሰርዘነዋል። የሰው ጓዳ የሚነካ ጥያቄ ለልጅ መስጠት አልነበረብንም፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

በምትኩ ልጆቹ የደም ዓይነትን ያገኘውን ሰው፣ የካርል ላንድስታይነርን ሥራ አጥንተው ያቀርባሉ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልጻፍላችሁ። በ1868 ቪየና አጠገብ ተወለደ። አባቱ ጋዜጠኛ ነበር፤ ካርል ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተበት። እናቱ አሳደገችው። ሕክምና ተምሮ ጨረሰና ደግሞ ኬሚስትሪ ልማር ብሎ ጀርመንና ስዊዘርላንድ ሄደ።

በዚያ ዘመን ለበሽተኛ ደም መስጠት ቁማር ነበር። አንዱ ይድናል፣ ሌላው ይሞታል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ላንድስታይነር የራሱንና የአምስት የሥራ ባልደረቦቹን ደም ወሰደ። ቀዩን ሴል ከፈሳሹ ለየ። ከዚያ የአንዱን ፈሳሽ ከሌላው ሴል ጋር እያፈራረቀ ቀላቀለ። አንዳንዱ እንደነበረ ቀረ፣ አንዳንዱ ተጓጎለ። መጓጎሉን ከእሱ በፊት ያዩም ነበሩ፤ የበሽታ ምልክት ነው ብለው አለፉት። ይህ ግን የጤነኛ ሰዎች ደም ነበር! የማይስማማ ደም ሲገናኝ ይጓጎላል፤ በሽተኛውን የሚገድለውም ይኸው ነበር። በ1901 ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ለያቸው። ሲ ኋላ ኦ ተባለ። ኤቢ በማግስቱ ዓመት ተገኘ።

ዓለም ቶሎ አልሰማውም። ኖቤል የተሸለመው በ1930 ነው፣ ከ29 ዓመት በኋላ። እስከዚያ ድረስ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1908 ከአንድ ባልደረባው ጋር ፖሊዮ ተላላፊ መሆኑን በዝንጀሮ ላይ አሳየ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቪየና ስትራብ ወደ ሆላንድ ተሰደደ፤ እዚያ በአንድ ትንሽ ሆስፒታል ተራ የሽንትና የደም ምርመራ ይሠራ ነበር። በ1923 ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የመጨረሻው ሥራው ነው። ሰባ ዓመት አልፎት፣ በ1940፣ ከአሌክሳንደር ዊነር ጋር ሆኖ ዛሬ «ፖዘቲቭ» እና «ኔጌቲቭ» የምንለውን የደም ዓይነት ልዩነት ይፋ አደረገ። ይህ እኛ ቤት የሚታወቅ ጉዳይ ነው። ልጅ እየተከታተለ የሚሞትባትን ሴት «ሾተላይ አለባት» ይሏት አልነበር? ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው። እናት ኔጌቲቭ፣ ልጅ ፖዘቲቭ ሲሆኑ የእናት ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ አይቶ ሊዋጋው ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ ችግሩ የሚብሰው በተከታዮቹ ላይ ነው። ዛሬ መከላከያ መርፌ አለው፣ ስሙም የሾተላይ መርፌ ሆኖ ቀርቷል። እርጉዝ የሆናችሁ እናቶች በክትትል ጊዜ የደም ዓይነታችሁን ጠይቁ።

ላንድስታይነር በ1943 የልብ ድካም የጣለው እዚያው ላብራቶሪው ውስጥ ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ። የተወለደበት ቀን ሰኔ 7 ዛሬ የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ደም የሚሰበስቡ ባለሙያዎች ወደ ግቢያችን እንዲመጡ ጋብዘናል። ልጆቻችሁ ዕድሜያቸው አይፈቅድም፤ እናንተ ግን 18 ዓመት የሞላችሁና ከ45 ኪሎ የማታንሱ ከሆነ ትችላላችሁ። ቁርስ በልታችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ ኑ። የልጆቹ ዝግጅት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀምራል።

ምዝገባው ጸሐፊያችን ጋ ነው። ከላይ ያነሳኋቸው አባት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ናቸው፤ ባለቤታቸውንም አስመዝግበዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር