የበጎ አድራጎት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ጭቃ የሚደርቅበት ወር

የክበባችን አባላት የአረጋውያንንና የአቅመ ደካማ ጎረቤቶቻችንን ቤት ለማደስ ይወጡ የነበረው ትምህርት ከተዘጋ በኋላ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ጋር ነበር። ዘንድሮ ሥራውን ወደ ጥርና የካቲት ቅዳሜዎች አዛውረነዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በነሐሴ የተመረገ ግድግዳ እንደማይደርቅ ያስተማረን፣ አምና የመረግነው ግድግዳ መስከረም ሳይጠባ መርገፉ ነው። ዘመቻው ለቀለምና ለችግኝ ይመች ይሆናል፤ ለጭቃ ግን አይመችም።

በትምህርት ቤታችን ዙሪያ ያሉት ቤቶች አብዛኞቹ ከባሕር ዛፍና ከጭቃ የተሠሩ የቀበሌ ቤቶች ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩም ዝቅ ብሎ በመቆየቱ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልተገኘም። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ለእድሳት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እኛም ታኅሣሥን የጨረስነው ደብዳቤ ይዘን በመመላለስ ነው።

ያደስናቸው ቤቶች ሦስት ሲሆኑ፣ ብዙ የተማርነው ከመጀመሪያው ነው። ተማሪዎቹ አፈሩን በጠዋት አቡክተው ከሰዓት በኋላ ለመምረግ ተዘጋጅተው ሳለ፣ በቤቱ የሚኖሩት እማማ ከጭቃው ቆንጠር አድርገው በጣታቸው መካከል አሹትና ገና ጥሬ ነው ብለው ሁላችንንም ወደ ቤታችን ሰደዱን። የጤፍ ጭዱ ከአፈሩ ጋር ለቀናት ርሶ ካልሸተተ ጭቃው እንጨቱን አይዝም። በሳምንቱ ስንመለስ ሽታው ከበር ላይ ተቀበለን፤ አፍንጫቸውን የያዙ ልጆች ነበሩ፤ እማማ ግን ደስ አላቸው። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ ሌላ ሁለት ሳምንት ጠብቀን፣ ስንጥቁን በቀጭን ጭቃ ሞልተን ለሰንነው።

በሦስተኛው ቤት የደረሰው ጥፋት የእኔ ነው። ቆርቆሮው እንጨቱን የሚነካው በጎድጓዳው በኩል ስለሆነ ሚስማሩ እዚያ ቢመታ ይበልጥ ይጠብቃል ብዬ ያዘዝኩት፣ ፊዚክስ የማስተምረው እኔ ነኝ። ውኃው የሚወርደው ግን በዚያው በጎድጓዳው ነው፤ ሚስማር መመታት ያለበት በጉብታው ላይ፣ ጎማ ተደርጎለት ነበር። የመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ አዛውንቱ አልጋ ላይ ፈሰሰ። የተበሳውን መድፈን አስተማማኝ ስላልነበረ ቆርቆሮዎቹን አንሥተን በአዲስ ተክተናል፤ ለሁለተኛው ቤት አሸንዳ የተያዘው ገንዘብም በዚሁ አለቀ።

አሸንዳው እስካሁን አልተገጠመም። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ አዲሱን ምርጊት ከሥሩ እንዳይበላው፣ አባላቱ ለጊዜው በግድግዳው ግርጌ ድንጋይ ደርድረው ቦይ ቆፍረዋል። የአሸንዳው ገንዘብ በወላጆች በዓል ከሚሸጠው ቡናና ቆሎ እንዲሰበሰብ ተወስኗል፤ ሥራውም ሰኔ ሳይገባ ይጠናቀቃል።