ለአባባ፦ ስለ እንጨት ቤቱ ጥቂት ጥያቄ አለኝ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከረሙ አባባ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ እንደሚያውቋት ናት። ጦሳ ጭጋጉን እንደለበሰ ነው፣ ብርዱም አልለቀቀንም። ወልድያ ሞቅ ስለሚል ለጉልበትዎ ይሻላል እያልኩ እጽናናለሁ።

ስልክ ላይ መስማት እያስቸገረዎት ነው ብላ እትዬ ነገረችኝ። እኔም ሰሞኑን እየጮህኩ ስለማወራ ጎረቤት የተጣላን ሳይመስለው አይቀርም። ስለዚህ ጻፍኩ። ደብዳቤውን ከመነጽሩ ጋር ለሹፌሩ ሰጥቼዋለሁ፤ በቅድሚያ መነጽሩን ይሞክሩት።

እትዬ ሌላም ወሬ አድርሳኛለች። «ያ ልጅ ጺሙ ሸብቶ በሕፃን መጫወቻ ቤት ይሠራል አሉ፤ ምን ነካው?» ብለው ጠየቁ አሉ። ወላሂ ሳቄ መጣ። እውነት ነው፣ እሠራለሁ። የማንን ቤት እንደምሠራ ግን አልነገረችዎትም። የእርስዎን ነው። ሰኞ ገበያ አጠገብ የነበረውን እንጨት ቤት፣ የአናጢነት ሱቅዎን።

ጡቦቹን፣ ሌጎ የሚባሉትን የፕላስቲክ መጫወቻዎች፣ ያውቋቸዋል። እትዬ ከጅዳ ስትመለስ በማዳበሪያ ከረጢት ይዛው የመጣችው ነው። አሠሪዎቿ ልጆቻቸው ሲያድጉ ሊጥሉት ሲሉ ለምና የወሰደችው። እርስዎ ያኔ «ይሄን ሁሉ ኪሎ ለፕላስቲክ ከፈልሽ?» ብለው ተቆጥተው ነበር። ልጆቼ ተጫወቱበት፣ ሰለቻቸው፣ ቁምሳጥን ላይ ተሰቀለ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ የምሠራው አጥቼ አወረድኩት። ከዚያ በኋላ ቁምሳጥን ላይ አልተመለሰም።

አሁን እንደ መጫወቻ ብቻ እንዳያዩት አንድ ነገር ልንገርዎ። ይህን ነገር የጀመረው አናጢ ነው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን ይባላል፣ ቢሉንድ የምትባል የዴንማርክ መንደር ሰው። ቤትና የቤት ዕቃ ይሠራ ነበር። የዓለም ገበያ ወድቆ የሚያሠራው ሰው ሲጠፋ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1932፣ መሰላል፣ በርጩማና የእንጨት መጫወቻ ወደ መሥራት ዞረ። ፕላስቲኩ የመጣው በኋላ ነው። ዛሬ የምናውቀውን ጡብ ልጁ ጎትፍሬድ በ1958 የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። አባትየው በዚያው ዓመት ሞተ። በ1960 ደግሞ የእንጨት መጫወቻው መጋዘን ተቃጠለና እንጨቱን ጨርሰው ተዉት።

እኔ ይህች የመጨረሻዋ አልተዋጠችልኝም። እርስዎ ቢሆኑ «እንጨት ይገዛል» ብለው በማግስቱ መጋዝዎን ያነሱ ነበር።

ሥራው ግን የእርስዎ ዓይነት ሥራ ነው። ጡቡ ከላይ ጉብታ አለው፣ ከሥሩ ቀዳዳና ቱቦ። እርስዎ ወንዴና ሴቴ አድርገው የበር መቃን እንደሚገጥሙት ነው የሚያያዘው። ኮላ የለው፣ ሚስማር የለው። በ1958 የተሠራው ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። ስፋቱ ከአንድ ጉብታ እስከ ቀጣዩ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ከፍታው 9.6። ስሱ ጡብ ደግሞ 3.2፤ ሦስቱ ሲደረቡ አንድ ወፍራም ይሆናሉ። እዚህ ላይ እርሳስዎን ከጆሮዎ ያውርዱ፦ አምስት ስስ ጡብ ሲደረብ 16 ሚሊ ይመጣል፣ ይኸውም የሁለት ጉብታ ስፋት ነው። ስለዚህ ጡቡን በጎኑ አስተኝተው ቢሠሩም ልኩ አይሳትም። የሱቅዎን በር የሠራሁት እንደዚያ ነው። ስሶቹን ደርድሬ በጎናቸው አቆምኳቸው፤ ጣውላ ተጋጥሞ የቆመ ነው የሚመስለው። ከሩቅ ላየው ሰው ፕላስቲክ መሆኑ ቶሎ አይታወቅም።

ደግሞ ሲያስቡት የሚያዞር ቁጥር አለ። ባለ ስምንት ጉብታ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ስድስት ጡቦች ብቻ ቢሰጡዎት በ915,103,765 መንገድ ሊገጥሟቸው ይችላሉ። እኔ ጋ ያለው ሙሉ ከረጢት ነው። ሥራ ፈታ ብለው እንዳያዝኑብኝ።

ልኩን ያወጣሁት እንዲህ ነው። ከጡቡ ጋር የሚሄደው የፕላስቲክ ሰውዬ በ1978 የመጣ ሲሆን ቁመቱ 4 ሳንቲ ያህል ነው። የእርስዎን ቁመት አንድ ሜትር ከሰባ አልኩና አካፈልኩ። እውነተኛው ነገር ከእኔው 42 ጊዜ ያህል ይበልጣል። አንድ ጉብታ 34 ሳንቲ ሆነ ማለት ነው። አንድ ጡብ ከፍታው 41 ሳንቲ። ሁለት ሜትር በር አምስት ጡብ። እንጨት ቤቱን አራት በሦስት ብዬ አሰብኩት፣ ስለዚህ 12 ጉብታ በ9 ወጣ። ፊት ለፊቱ መንገዱ፣ ቦዩና የተደረደረው ጣውላ ስላለ መደቡን 16 በ16 አደረግሁት። ከስንዝርዎ ያነሰ ነው። ብዙ ሰው ትልቅ ነገር መሥራት ይወዳል፤ ቤተ መንግሥት፣ መርከብ። እኔ ትንሿን እመርጣለሁ። ትንሽ ቦታ ላይ የማይረባ ነገር ማስቀመጥ አይቻልም። እያንዳንዱ ጉብታ ቦታው ይጠየቃል።

ቆርቆሮው ቀላል ነበር። ግራጫና ቡናማ መስመር ያላቸውን ስሶች አቀላቅዬ ደረደርኩ፣ ዝገቱ ራሱ መጣ። ሰጋቱራው ደግሞ ክብ፣ ባለ አንድ ጉብታ፣ የአሸዋ ቀለም ያላቸው ናቸው፤ ከጠረጴዛው ሥር በትኜያቸዋለሁ። አይጣበቁም። ሲነኩት ይንሸራተታሉ፣ ልጆቹም እያነሱ ይጫወቱበታል።

ያስቸገረኝ ሰው ነው።

ሰውዬው ሲፈጠር ቢጫ ነው። የማንም አገር ሰው እንዳይመስል ብለው ነው ይባላል። እንደ ሰው የቆዳ ቀለም ያላቸው የመጡት ከ2003 ወዲህ ነው። ከረጢታችን ውስጥ ጥቂት ቡናማ ፊቶች አሉ፣ እነሱም ወይ ይስቃሉ ወይ ይቆጣሉ። እርስዎ ሲሠሩ ሁለቱንም አያደርጉም። ከንፈርዎን ወደ አንድ ጎን ነክሰው ነው የሚሠሩት። ዘዴው ፊቱን ወደ ኋላ ማዞር ነው፤ አንዳንዱ ጭንቅላት ከኋላ ባዶ ነው። እዚያ ላይ በቀጭን ብዕር ሣልኩት። የታተመውን ለማጥፋት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚጠቀም ሰው አለ፤ አሴቶን ያለው ፕላስቲኩን ራሱን ያቀልጠዋል፣ አያዋጣም።

ኮፍያዎን ከነጭ ጨርቅ ነው የሠራሁት። ሽርጥዎንም። ያረጀ ስስ ጥጥ ጨርቅ በውኃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ነክሬ አደረቅሁት። እንደዚያ ሲሆን ጠርዙ አይተረተርም፣ መታጠፊያውም እንዳደረጉት ይቀራል። ሰማያዊና ቡናማ መስመሩን በእስክሪብቶ ነው ያሰመርኩት። በነገራችን ላይ ይህን የሚከለክሉ ሠሪዎች አሉ። ጡቡን መቁረጥ፣ ቀለም መቀባት፣ ጨርቅ መጨመር ነውር ነው ይላሉ፤ ፋብሪካው በሰጠህ ብቻ ሥራ ነው የሚሉት። እኔ ግማሹን እቀበላቸዋለሁ። ጡብ አልቆርጥም፣ ቀለምም አልቀባም፣ ይላጣል። ግን ፋብሪካው ሽርጥ አይሠራም። ኮፍያ የሌለው አባባ ደግሞ አባባ አይደለም።

መሣሪያዎቹም እንደዚያው። መዶሻና መጋዝ ከሰውዬው ጋር ይመጣሉ። መላጊያ ግን የለም። ከሁለት ስስ ጡቦች አበጀሁት፣ ትንሽ ገዘፍ ብሏል፤ በእኛ ልክ ቢቆጠር የበግ ያህል ነው። የሰውዬው እጅ የሚጨብጠው ሦስት ሚሊ ገደማ ውፍረት ያለው ዘንግ ነው፣ ስለዚህ ሜትሩን የሠራሁት ከሥጋ መጥበሻ ቀጭን እንጨት ነው። የጥርስ እንጨት ይላላል።

ከሁሉ የከበደኝ ማስቀመጥ ነበር። የሰውዬው እግር ከዳሌው እንጂ ከጉልበቱ አይታጠፍም። በርጩማ ላይ ሲያስቀምጡት ሁለት እግሩን ፊት ለፊት ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው። ሽማግሌ ፊት እንዲህ የሚቀመጥ ማን ነው? አሥር ሰዓት ላይ ቡና ሲፈላ ደጃፉ ላይ የሚሰበሰቡትን ሰዎች ያስታውሷቸዋል፤ ያላለቀ በርጩማ እየሳቡ የሚቀመጡትን። እነሱን ነው የፈለግኋቸው። በመጨረሻ እግራቸውን አወጣሁና ደረታቸውን በቀጥታ ጡብ ላይ ተከልኩት። ጋቢና ሽርጥ ከላይ ሸፈነው። አሁን ሁሉም በሥርዓት ተቀምጠዋል። ቡና የምታፈላዋን ጎረቤታችንንም እንደዚያ፤ ቀሚሷ ተዳፋት ያለው ጡብ ነው፣ ነጠላዋ የጥጥ ጨርቅ። አንገቷ ላይ ማተቧን በጥቁር ክር አስሬላታለሁ፣ ምርቃቱ ላይ ግን «አሚን» ከሚሉት ጋር ነው ያስቀመጥኳት፣ እንደ ድሮው።

ሲኒዎቹን መጀመሪያ በትንሿ ክብ ጡብ አሰብኳቸው። በልኩ ሳሰላው አንዷ ሲኒ ባልዲ ታክላለች። ስለዚህ ነጭ ጨሌ ተጠቀምኩ። ሁለት ሚሊ ናት፣ ልክ ሲኒ ነች። አቦሉ ላይ ነው ያቆምኩት፤ ስለዚህ ማንም ለመሄድ አልተነሣም።

እዚህ ሱቆች ውስጥም የቻይና ኮፒ አለ። ይገጥማል፣ አንዳንዱ ግን ይላላል፤ ግድግዳ ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ አድርጌዋለሁ፣ እዚያ የሚሸከመው ነገር የለም። እርስዎ ኮምፔርሳቶን ከብፌው ኋላ እንጂ ከፊቱ የማያደርጉት ለዚህ አልነበር?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። ቤቱ መንገድ ሲሰፋ ፈርሷል፣ ፎቶም የለንም። ያለችን አንዷ ፎቶ የእኔ የትምህርት ቤት ልብስ ናት የምታሳየው፤ ከኋላዬ የበሩ ግማሽ ብቻ ይታያል። ሕፃን ሆኜ ያየሁትን ነው የሠራሁት። የሕፃን ዓይን ደግሞ ከወለሉ ቅርብ ነው፤ ሰጋቱራውንና የጠረጴዛውን እግር በደንብ አውቃለሁ፣ ከዚያ በላይ ያለው ይምታታብኛል። ስለዚህ እነዚህን ይመልሱልኝ።

ሞርሳው ከጠረጴዛው በግራ ነበር ወይስ በቀኝ? እርስዎ የግራ እጅዎን ለመዶሻ ስለሚጠቀሙ በቀኝ ይመስለኛል፣ እትዬ ግን ትከራከረኛለች። የጠረጴዛው ከፍታስ? ወገብዎ ድረስ ነበር? እርስዎን ሳቆም ጠረጴዛው ሁለት ጡብ ቢሆን ያንሳል፣ ሦስት ቢሆን ይበዛል፤ በስስ ጡብ ላስተካክለው እችላለሁ፣ ልኩን ግን ይንገሩኝ። መጋዞቹ የተሰቀሉት በመስኮቱ ላይ ነው ወይስ ከበሩ ማዶ? የበሩስ ቀለም? እኔ አረንጓዴ አድርጌዋለሁ። እማማ በሕይወት ሳለች ሰማያዊ ነበር ስትል የሰማሁ ይመስለኛል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ፤ ሰማያዊ ስስ ጡብ በቂ አለኝ።

ደግሞ ከበሩ በላይ በጠመኔ የተጻፈ ነገር ነበር። ማንበብ ሳልችል ስለሆነ ያየሁት ምን እንደሚል አላውቅም። የስልክ ቁጥር አልነበረም፤ ያኔ ስልክ የለንም። ዕዳ የጻፉበት ከሆነ የባለዕዳዎቹን ስም አልጠይቅም፣ ስንት መስመር እንደነበር ብቻ ይንገሩኝ።

መልሱን ለመጻፍ ጣትዎን ካስቸገረዎት ከዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ ይሣሉልኝ። እርስዎ በር ከመሥራትዎ በፊት ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ እንደሚሥሉት። ልክ ይጻፉበት፣ በሜትርም በስንዝርም ይሁን፣ እኔ አካፍላለሁ። ሹፌሩ ሐሙስ ይመለሳል፤ እትዬ አውቶቡስ ተራ ድረስ ታደርስለታለች።

የጉልበትዎ ቅባት በትንሿ ፌስታል ውስጥ ነው፣ ማታ ማታ ይቀቡት። ማሩ ከአምባሰል ነው፤ እትዬ ለእንግዳ ብላ እንዳትደብቀው። ልጆቹ ሰላም ይላሉ፣ ትንሹ «አባባ መዶሻውን ይዞ ነው ወይስ እርሳሱን?» ብሎ ጠይቅልኝ ብሏል። ይህንንም ይመልሱ፣ እጅዎ ባዶ ነው እስካሁን።

በዱዓዎ አይርሱኝ።

ልጅዎ፣
ከደሴ