እማዬ፣ አቡሽ አያስተርጉምልሽ

ይድረስ ለእማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሲያትል ዝናቡ አላባራም።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። አቡሽ ሁሌ አጠገብሽ ነው። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ባለፈው ሐኪም ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ "ድካም ነው፣ እንቅልፍ አንሶት ነው" አልሽኝ። ዶክተሩ እንደዚያ አላለም። ዲፕሬሽን፣ ድባቴ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ነው ያለው። አቡሽ ራሱ እያለቀሰ ነገረኝ። ዶክተሩ "ሐኪም ያላዘዘለት ኪኒን ቤት ውስጥ አይተሻል?" ብሎም ጠይቆሽ ነበር። አቡሽ "ምግብ ይበላል ወይ?" ብሎ ተረጎመልሽ። አንቺም "ኧረ አይበላም!" አልሽ። እሱ ለዶክተሩ "አላየሁም ትላለች" አለው።

እንዳትቆጪው። የ17 ዓመት ልጅ የራሱን ሕመም ለእናቱ ማስተርጎም አልነበረበትም። እኔም አድርጌዋለሁ፣ እማዬ። አባዬ ሲታመም 12 ዓመቴ ነበር። አቡሽን አዝለሽ ቆመሻል። ዶክተሩ "ብዙ ጊዜ የለውም" ሲል እኔ "ሕክምናው ጊዜ ይፈልጋል" አልኩሽ። እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ አይደለም። ፊትሽን አይቼ ነው። እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ ልጅ አያስተርጉምልሽ። እዚህ አገር ሕግ አለ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። "አምሃሪክ ኢንተርፕረተር፣ ፕሊስ" በይ። በስልክም ቢሆን ያገናኙሻል። ይሉኝታ አይያዝሽ።

አሁን ስለ ኪኒኑ። አቡሽ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ፐርኮሴት የሚሉትን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ገዝቶ ሁለቴ ውጧል። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሸጠው እውነተኛው መድኃኒት አይደለም፣ ፈንታኒል ያለበት ፎርጅድ ነው። ፈንታኒል ከሄሮይን 50 እጥፍ ይበረታል። አንዷ ኪኒን ልትገድል ትችላለች። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፣ ናርካን የሚባለው የእንዲህ ያለ መድኃኒት ማርከሻ ቤት ውስጥ ይኑር ለማለት ነው። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ነው። ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፋርማሲ ይሸጣል። ስትቀሰቅሽው ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም እንደ ማንኮራፋት ካሰማ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መጀመሪያ 911 ደውይ። ከዚያ ርጪለት። በሁለት ሦስት ደቂቃ ካልነቃ ሁለተኛውን ጨምሪ። የወሰደው ሌላ ነገር ቢሆን እንኳ ናርካኑ አይጎዳውም።

ሌሊት ቢከፋውና ብትፈሪ 988 የሚባል የጭንቅ ጊዜ የስልክ መስመር አለ፣ "አምሃሪክ" በይ፣ አስተርጓሚ ያስገባሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም የማይርቀው ሮክቪል ላይ ደግሞ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የቀውስ ማዕከል 24 ሰዓት ክፍት ነው። ያለ ቀጠሮ ይዘሽው መግባት ትችያለሽ።

ጸበል ልውሰደው እንደምትይ አውቃለሁ። ውሰጂው። ከንስሐ አባታችንም ጋር ተመካከሩ። ግን የዶክተሩን ቀጠሮ አታስቀሪ፣ መድኃኒት ካዘዙለትም አታስቁሚው። ለጎረቤቶቹ "ትምህርት በዝቶበት ነው" እያልሽ ብቻሽን መሸከምሽ ግን ያሳስበኛል። እኒያ ልጃቸው የታመመባቸው እትዬ ስንት ዓመት ብቻቸውን እንደኖሩ ታውቂያለሽ። አንድ ሰው እንኳ ንገሪ። ለእኔ ደግሞ በየቀኑ ደውይልኝ።

ሐሙስ ማታ እደርሳለሁ። ዓርብ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን፣ አስተርጓሚው ግን እኔ አልሆንም።

እንድጽፍልሽ የለመነኝ አቡሽ ነው። "እኔ ፊቷን እያየሁ አልችልም" አለኝ። ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምሳውን አቅርቢለትና "ሰማሁ፣ ልጄ" በይው። ሌላው እኔ እስክመጣ ይቆይ።

ልጅሽ